ግልጽ አስተያየት ገጽ ይጠቅሳል

«ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ከጓደኞቼ ጋር በየአሥራ አምስት ቀኑ የምንገናኝበት ትንሽ የንባብ ክበብ አለን። ስላነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ደብተሬ ላይ አስተያየት እጽፋለሁ፤ ክበቡ ውስጥም ሳልሸፋፍን አነባለሁ። ባለፈው ወር አንድ ደራሲ እንግዳችን ነበሩ። ስለ ልብ ወለዳቸው የጻፍኩትን ሳነብ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ቡናው ሳይቀዳ ተነሥተው ሄዱ። ጓደኞቼ ‹አፍሽ መርዝ ነው› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያልወደድኩትን ወደድኩ ማለት አይሆንልኝም። ከደብተሬ እንዳለ ገልብጫለሁ። ልብ ወለዱን፦ ‹ረጅምና አሰልቺ፤ ጊዜዬን በላው።› የግጥም መድበሉን፦ ‹ቤት ይመታል እንጂ ግጥም አይደለም፤ ግማሹ ጭራሽ አልገባኝም።› የታሪክ መጽሐፉን፦ ‹ውሸት የበዛበት፤ ዓመተ ምሕረቱ እንኳ ልክ አይደለም።› የተተረጎመውን የስኬት መጽሐፍ፦ ‹ቋንቋው ይጎረብጣል።› ግለ ታሪኩን፦ ‹ራሱን ሲያሞግስ አለቀ።› ጥፋቴ ምንድን ነው? ጀምሬ በተውኩት መጽሐፍ ላይስ አስተያየት መስጠት እችላለሁ?»

ውድ እህታችን፤

ያልወደድሽውን ወደድኩ አለማለትሽ ጥፋት አይደለም። በየምረቃው መድረክ ውዳሴ ብቻ በሚደመጥበት ጊዜ መጽሐፉን አንብቦ የተሰማውን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ እባክሽ ይህን አትተዪ። የላክሻቸውን አምስት አስተያየቶች ግን ደጋግመን አነበብናቸው፤ በአምስቱም ውስጥ አንድም የገጽ ቁጥር የለም። «አሰልቺ» ስትዪ የነገርሽን ያንቺን ስሜት ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ አልነገርሽንም። ደራሲው ላርም ቢሉ የሚይዙት የለም፣ እከራከራለሁ ቢሉ የሚጠቅሱት የለም፤ የቀራቸው ነገር ቡናውን ትቶ መሄድ ነበር። አምስቱም አስተያየቶችሽ ደግሞ እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ማስረጃው ግን ደብተርሽ ውስጥ የለም፤ ሳታነሺው መጽሐፉ ውስጥ ቀርቷል።

ከአነባበብሽ እንጀምር። አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ቁረጪና አንዱን ቁራጭ እንደ ዕልባት ያዢው። ቀልብሽን የያዘ ቦታ ስታገኚ የገጹን ቁጥርና የመደመር ምልክት፣ ያስከፋሽን ስታገኚ የመቀነስ ምልክት፣ ያልገባሽን ስታገኚ የጥያቄ ምልክት፤ ከጎኑ ሁለት ሦስት ቃል። ንባቡን የሚያቋርጥ ረጅም ማስታወሻ አትጻፊ። ለ300 ገጽ ልብ ወለድ ከ15 እስከ 25 ምልክት ይበቃል፤ 80 ከደረሰ ማንበቡን ትተሽ እርማት ውስጥ ገብተሻል ማለት ነው። መጽሐፉ ባለቀበት ቀን አትጻፊ፤ ሁለት ሌሊት ይደርበት። ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ገጾቹ ተመለሺ። ብዙ የመቀነስ ምልክት በዚህ ጊዜ ይወድቃል፤ ገጽ 40 ላይ ያናደደሽን ዝምታ ገጽ 210 ይመልሰዋልና። ከተረፉት ውስጥ ከደካማው ሁለት፣ ከብርቱው ሁለት ምረጪ። አስተያየትሽ ከ250 እስከ 300 ቃል ቢሆን ይበቃል። የስንተኛው እትም እንደሆነም ጻፊ፤ የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያል።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ። «ረጅም» ካልሽ የት እንደረዘመብሽ ማሳየት አለብሽ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ «እዚህ ምን ተለወጠ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በአንድ መስመር ጻፊ። አንድ ሰው አዲስ ነገር ዐወቀ፣ ወሰነ፣ አጣ፣ አገኘ፤ ከነዚህ አንዱም የሌለበት ምዕራፍ ሦስት አራት ጊዜ ከተከታተለ ርዝመቱን አገኘሽው። ግን ተጠንቀቂ፤ ዝግታ ሁሉ ስንፍና አይደለም። በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በዛሬ ጥድፊያ ለሚያነብ ሰው ይዘገያል፤ ነገር ግን የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የባላባቱንና የባላገሩን ግንኙነት በዝርዝር የሚተርከው ያ ዝግታ ነው። እሱ ቢወጣ መጽሐፉ ተራ የፍቅር ታሪክ ይሆናል። ደግሞም ብዙው ሰው ይህን መጽሐፍ የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ጆሮ ርዝመትን የሚቀበልበት መንገድ ከዐይን ይለያል፤ በትረካ የሰማሽው መጽሐፍ ከሆነ አስተያየትሽ ላይ «ሰምቼው ነው» ብለሽ ጻፊ።

ሌላው የልብ ወለድ መፈተኛ ንግግሩ ነው፤ እኛ እንዲያውም ከሴራው በፊት እሱን እናያለን። ገጽ 30 ላይ አማቱን «እርስዎ» ይል የነበረ ሰው ምንም ሳይፈጠር ገጽ 90 ላይ «አንተ» ካለ ደራሲው ሰውየውን ረስተውታል። ተቆጥቶ ወይም ንቆ ከሆነ ግን ያ «አንተ» የታሪኩ መታጠፊያ ሊሆን ይችላልና ከመጻፍሽ በፊት ገጹን መልሰሽ እይው። የጎጃም ገበሬ፣ የመርካቶ ነጋዴና የዩኒቨርሲቲ መምህር ሦስቱም እንደ ዜና አንባቢ ከተናገሩ፣ ከሦስቱም አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ገልብጠሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልግሽም፤ አንባቢው ራሱ ያየዋል።

የማተሚያ ቤቱን ጥፋት በደራሲው ላይ አትጫኚ። ገጽ 96 ካለቀ በኋላ እንደገና 81 ብሎ ከጀመረ ባለ 16 ገጽ ጥራዝ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል ማለት ነው፤ ከ80 ወደ 97 ከዘለለም ያው ጥራዝ ቀርቷል። መጽሐፉን ለሻጩ መልሰሽ ሌላ ቅጂ ተቀበዪ እንጂ አስተያየትሽ ውስጥ አታስገቢው። የፊደልም ነገር እንዲሁ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ተቀላቀሉ ብሎ መጽሐፍን ማጣጣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ወጥነቱን ብትጠይቂ ነው። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ «ዓመት» በሌላው «አመት» ብሎ የጻፈ መጽሐፍ አራሚ እንዳላየው ያስታውቃል። ሁሉንም «አመት» ያለ ደራሲ ግን መርጦ ነው፤ ምርጫውን ባትወጂው እንኳ ስሕተት አትበዪው።

ግጥሙ ላይ ትንሽ ረዘም እንበል፤ ከአምስቱ አስተያየቶችሽ በጣም የጎዳው እሱ ነው፣ በቀላሉ የሚቃናውም እሱ ነው። ግጥም ስሜት ብቻ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሰው በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ የአማርኛ ግጥም ግን በጣት የሚቆጠር መለኪያ አለው።

መጀመሪያ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። በዐይንሽ ብቻ ስታነቢ አንዱን መንገድ ይዘሽ ታልፊያለሽ፤ ገጣሚው ደግሞ የተጫወተው በሁለተኛው ሊሆን ይችላል። «አልገባኝም» ካልሽው ግማሽ ውስጥ የተወሰነው በዚህ ብቻ ይፈታል ብለን እናስባለን።

ቀጥሎ ምጣኔውን ቁጠሪ። የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚወጣ የድምፅ ክፍል ነው፤ ሳድሱ አናባቢ ሲያጣ ከፊቱ ካለው ጋር ይጠጋል። ለመለማመጃ ይህን ስንኝ ውሰጂ፦ «ትናንት የዘራሁት ዛሬ ለምለም ሆነ»። የመጀመሪያው ሐረግ 9 ፊደል ነው፤ ሲነበብ ግን ት–ናንት–የ–ዘ–ራ–ሁት፣ 6 ቀለም። ሁለተኛው ዛ–ሬ–ለም–ለም–ሆ–ነ፣ ይኸውም 6። ስድስት በስድስት የወል ቤት ይባላል። አምስት በአምስት ከሆነ ሰንጎ መገን፣ አራት በአራት ከሆነ ቡሄ በሉ፣ ስምንት በስምንት ከሆነ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው የጸጋዬ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ስንኞች ቆጥረሽ ቤቱን ለዪ፤ ከዚያ ሃያ ስንኝ ቁጠሪና የሚሰበሩትን ምልክት አድርጊባቸው። አንዱ ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩ በአናባቢ ሲጀምር ሁለቱ በንባብ ስለሚዋጡ የትርፍ ቀለም መልክ ይታይሻል፤ እሱን አትቁጠሪ። ከሃያው ሦስት አራቱ ያለ ምክንያት ከተሰበሩ «ምጣኔው ይሰበራል» ብለሽ ስንኞቹን ጥቀሺ። መሰበሩ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ያለበት ቃል ላይ ብቻ ከሆነ ገጣሚው ሆን ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ ማመስገን ይገባል።

«ቤት ይመታል እንጂ» ያልሽው ውስጥ እውነት ያለ ይመስለናል፤ ግን ምን እንዳየሽ ለይተሽ አልጻፍሽም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት በጣም ይቀላል። «ሄደች» እና «መጣች» ቤት የመቱት በጭራቸው ነው፤ «ች»ን ሰዋስው ያመጣዋል፣ ገጣሚው አልደከመበትም። «አለፈ» እና «ሰነፈ» ግን የሚገናኙበት «ፈ» የግሡ ሥር ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ መፈተኛሽ ይህ ይሁን፤ ጭራውን ቁረጪና ቤቱ ይቀራል ወይ ብለሽ ጠይቂ። በአንድ ግጥም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት በጭራ ብቻ የቆመ ከሆነ «ቤቱ በግሥ ጭራ የተሠራ ነው» ብለሽ ስንኞቹን አስቀምጪ። ይህ ከ«ግጥም አይደለም» ይልቅ ይጎዳል፤ ግን ያስተምራል። ለቤት ሲባል ብቻ ስሙ ከግሡ ኋላ የተወረወረበትን ስንኝም ፈልጊ፤ በተራ ቅደም ተከተሉ መልሰሽ ስታነቢው ምንም የሚጎድል ነገር ከሌለ መገልበጡ ለግጥሙ ምንም አልሠራም።

ሰምና ወርቅ ነው ተብሎ የተመሰገነ መድበል ከሆነ ኅብረ ቃሉን በጣትሽ ፈልጊ። ሰምና ወርቅ የሚያድርበት አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ አለ፤ እሱ ካልተገኘ ግጥሙ ድብቅ ወይም ጥልቅ ሊሆን ይችላል፣ ሰምና ወርቅ ግን አይደለም። ያልገባሽን ቃል ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጊ። በ1962 የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት የቆዩ ቃላትን በማስገኘት ረገድ ወደር የለውም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አበገደ እንጂ ሀለሐመ አይደለም፣ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ቃሉ የለበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ፈልገሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብበሽ፣ ሁለት ሰው ጠይቀሽ ካልገባሽ «አልገባኝም» ማለት ሙሉ መብትሽ ነው። የትኛው ስንኝ እንደሆነና ምን እንደሞከርሽ ብቻ ጨምሪበት።

የታሪክ መጽሐፉ ላይ የጻፍሽው ያሳስበናል። «ውሸት የበዛበት» ማለት ጸሐፊው እያወቀ አታሏል የሚል ክስ ነው። ስሕተት ካየሽ ስሕተት በዪው፤ ውሸት ለማለት ግን እውነቱን ያውቅ እንደነበር ማሳየት አለብሽ። የዓመተ ምሕረቱን ነገር በተመለከተ ደግሞ ከመፍረድሽ በፊት ሒሳቡን ሥሪ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ከአውሮፓውያኑ ጋር ያለን ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ግድም ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለቱም 1974 ናቸው። ከውጭ ቋንቋ የተገለበጠ መጽሐፍ ሁሉንም 8 እየቀነሰ ሄዶ የንጉሡን መውረድ መስከረም 1966 ካለ እውነተኛ ስሕተት አገኘሽ፤ ከየት እንደመጣም ጭምር መናገር ትችያለሽ።

በአንጻሩ ስሕተት የሚመስል ግን ያልሆነ አለ። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። አንዱ መጽሐፍ ይህን ማርች 1 ቀን 1896 ይለዋል፤ ዛሬ ግን በዓሉ የሚውለው ማርች 2 ነው። መጽሐፉ ትክክል ነው። አውሮፓውያኑ 1900ን በቀን መቁጠሪያቸው ሠግር፣ ማለትም 366 ቀን ያለው ዓመት፣ አላደረጉትም፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ሠግር ሳንዘል ስለምንቆጥር ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተራርቀናል። ከ1900 በፊት ያሉ ቀኖችን በስልክሽ መቀየሪያ ስታመሳክሪ ይህን አስቢ።

ከቀኑ በኋላ የግርጌ ማስታወሻውን እይ። ሦስት ምረጪ፤ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ምዕራፍ አንዳንድ። የተጠቀሰው መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ካለ ገጹን ገልጠሽ የተባለው እዚያ መኖሩን አረጋግጪ። ከሦስቱ ሁለቱ ከከሸፉ በእጅሽ ከባድ ማስረጃ አለ። አንድ ምዕራፍ ላይ ደግሞ «ይባላል»፣ «ይነገራል»፣ «እንደሚታወቀው» የሚሉትን ቁጠሪ። አፈ ታሪክ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ነውሩ አፈ ታሪኩን በአንድ አንቀጽ «ይባላል» ብሎ ጀምሮ በሚቀጥለው እንደተረጋገጠ ነገር መደምደሚያ ማቆም ነው። ያንን መሸጋገሪያ ካገኘሽ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ከነገጻቸው ገልብጪ።

የተተረጎመው የስኬት መጽሐፍ ላይ ያልሽው ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ከርእሱ ጀርባ ያለውን ገጽ አንብበሻል? የዋናው ደራሲ ስም፣ የዋናው መጽሐፍ ርእስና የታተመበት ዓመት ከሌለ ይህን ራሱን ጻፊ፤ ለአንባቢ ትልቅ መረጃ ነው። «ውርስ ትርጉም» ካለም ተርጓሚው ስምና ቦታ የመለወጥ ነጻነት ወስዷል፤ ዋናውን አልጠበቀም ብለሽ አትክሰሺው። የሚጎረብጠውን ቦታ ለማግኘት ዐረፍተ ነገሩን ለእናትሽ የምትነግሪያቸው አስመስለሽ ተናገሪው። «ይህ ስሜት ይሰጣል»፣ «በቀኑ መጨረሻ ላይ» ብሎ ለእናቱ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ከሥሩ እንግሊዝኛው እየተነፈሰ ነው። ዋናውን ማንበብ የምትችዪ ከሆነ ሁለት ገጽ አመሳክሪ፤ አንዱ ከመጀመሪያው፣ ሌላው ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ በኋላ ይሁን። ተርጓሚ መጀመሪያ ላይ ይጠነቀቃል፣ ወደ ኋላ ይደክመዋል፤ አንቀጽ የሚዘለለው እዚያ ነው። አንድ ግሥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከውጫሌ ውል በላይ ምስክር የለም፤ በ1881 በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው።

ስለ ግለ ታሪኩ ብዙ አንልም። ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ራሱን ማሞገሱ የሚጠበቅ ነው፤ ያንን መንገር ለአንባቢሽ ምንም አይጨምርም። የሚጨምረው ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ያየውንና የሰማውን ይለያል ወይ? ከአርባ ዓመት በፊት የተደረገ ጭውውትን ቃል በቃል በትእምርተ ጥቅስ ያስቀምጣል ወይ? የቱን ዓመት ዘለለ? የደርግ አባል የነበረ ሰው ስድሳ ያህል ባለሥልጣናት የተገደሉበትን የኅዳር 14 ቀን 1967ን ሌሊት በሁለት መስመር ካለፈው፣ የልጅነቱን በቅሎ ደግሞ በስድስት ገጽ ከተረከ፣ ይህን የገጽ ድልድል ብቻ ማስቀመጥ በቂ ነው። ስለዚያው ሌሊት የጻፈ ሌላ ሰው ካለ ሁለቱን አስተያዪ።

በመጽሐፉ ላይ የደረሰውን ነገርም ከመጽሐፉ ጥራት ለይው። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በተከታዩ ዓመት ጠፍተው ቀሩ። ይህ ታሪክ ልብ ይሰብራል፤ ነገር ግን ስለ ምዕራፎቹ አሠራር ምንም አይነግረንም። መጽሐፉን የምታደንቂ ከሆነ አድናቆትሽ ከገጾቹ ይምጣ፤ ካላደነቅሽም የደራሲው ዕጣ አፍሽን አይዝጋው።

ጀምረሽ ስለተውሽው መጽሐፍ ጠይቀሻል። አዎ፣ አስተያየት መስጠት ትችያለሽ። 50 ገጽ ወይም የመጽሐፉን አንድ አምስተኛ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ስጪው። ከዚያ «ገጽ 62 ላይ አቆምኩ፤ ምክንያቴ ይህ ነው» ብለሽ ጻፊ፤ ስለ ፍጻሜውና ስለ ጠቅላላ ጭብጡ ግን አትናገሪ። አጻጻፉ ከለመድሽው የተለየ ሲሆን ደግሞ ቶሎ አትፍረጂ። የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ ከ1962 ጀምሮ ብዙ አንባቢ ጀምሮ አስቀምጦታል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ እንደ ጉዞ ታሪክ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» እያሉ ማንበቡ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በቀን ከ15 ገጽ በላይ አታንቢ፤ ማን ለማን እንደሚናገር በዳር በእርሳስ ጻፊ። የግጥም መድበል ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ አሥር ግጥም ካነበብሽ ስለነዚያ አሥሩ መናገር ትችያለሽ። የልጆች መጽሐፍ ደግሞ ለልጅ ጮክ ብለሽ ሳታነቢ አስተያየት አትስጪ፤ ልጁ ገጹን ቀድሞሽ የገለጠበት ቦታ ላይ ጽሑፉ ረዝሟል።

የቀረው የእንግዳችሁ ነገር ነው። ደራሲ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ የተጻፈ አስተያየት ማንበብ በደብተር ከመጻፍ ይለያል፤ ቃሉ ባይቀየርም አቀራረቡ መቀየር አለበት። ለወደፊቱ ጽሑፍሽን ከሁለት ቀን በፊት በጋባዡ በኩል አድርሺላቸው፤ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ስትናገሪ በጥያቄ ጀምሪ፦ «ከምዕራፍ 7 እስከ 10 ያለውን በዚያ ርዝመት ለመተረክ ለምን መረጡ?» መልሳቸው ሐሳብሽን ሊያስቀይርሽ ይችላል፤ ባያስቀይርሽም ክርክሩ በገጹ ላይ ይሆናል። ሰዋስውሽንም አስተካክዪ። «ገጸ ባሕርያቱን ማሳየት አልቻሉም» ስትዪ በአንቱታ ብትናገሪም ጣትሽ ሰውየው ላይ ነው፤ «ምዕራፉ እናትየዋን አያሳየንም» ስትዪ ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት መጽሐፉ ነው።

አሁን ስለ ልብ ወለዱ የጻፍሽውን ያንን አንድ መስመር እንደገና ጻፊው። መጽሐፉን እኛ አላየነውምና ቁጥሮቹን ካንቺ ወረቀት ተኪባቸው፤ መልኩ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ልብ ወለዱ አንዲት እናት ከልጇ ጋር የምትለያይበትን ዓመት ይተርካል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች ፈጣን ናቸው፤ በተለይ ገጽ 58 ላይ እናትየዋ የልጇን ጫማ የምታጥብበት ትዕይንት ሳታለቅስ ያስለቅሳል። ከምዕራፍ 7 እስከ 10 ባሉት 46 ገጾች ግን አዲስ የሚታወቅ ወይም የሚወሰን ነገር አላገኘሁም፤ ገጽ 121 እና ገጽ 139 አንዱን ሐሳብ በሌላ ቃል ይደግሙታል። ንግግሩ የእናትየዋ ሲሆን ሕይወት አለው፤ ልጁ ግን ገጽ 150 ላይ እንደ ጋዜጣ ይናገራል። በዝግታ ማንበብ ለሚወድ ሰው እመክረዋለሁ፤ እኔ መካከሉ ላይ ደክሞኛል።»

ያልወደድሽው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ የወደድሽውም ተጨምሮበታል። እውነት የወደድሽው ከሌለ አትፍጠሪ፤ ያን ቦታ ባዶ ተዪው። ጽሑፉን በንጹሕ ወረቀት ገልብጪና እንግዳችሁን በጋበዛቸው ሰው በኩል ላኪላቸው፤ ከላዩ ላይ «ያነበብኩበት መንገድ ልክ አልነበረም፤ ስለዚያ ይቅርታ። የተሰማኝ ይህ ነው» ብለሽ ጻፊበት። ይቅርታው ለአቀራረቡ ብቻ ይሁን፤ ስለ ሐሳብሽ አትጠይቂ። ቀጣዩ ስብሰባችሁ ከመድረሱ በፊት ቢደርሳቸው ጥሩ ነው፤ ቡናውንም ለዚያ ቀን አቆዩላቸው።